ስለ ተዋናይቷ ሩት ኔጋ ለጻፍሽው ጽሑፍ፣ ኦስካር አግኝታለች ወይ ላልሽው

አላገኘችም፣ ታጭታ ነው የቀረችው። «አሸናፊ» ብለሽ የጻፍሽውን «እጩ» በይው። 2017 ላይ በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጨች፣ ሽልማቱን ግን ኤማ ስቶን ወሰደች።

አዲስ አበባ መወለዷ ልክ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ነበሩ። ትወና የተማረችው ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው።

ደግሞ የመድረክ ቲያትር ሥራዋን እንዴት ዘለልሽው? ለእኔ ከፊልም ሥራዋ የሚበልጠው እሱ ነው። 2018 ደብሊን ጌት ቲያትር ላይ የሼክስፒርን ሃምሌት፣ አዎ ራሱን ልዑሉን፣ ተጫውታ 2020 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ድረስ ይዛው ሄደች፤ 2022 ደግሞ የኒው ዮርክ ታላላቅ ቲያትሮች ባሉበት ብሮድዌይ «ማክቤዝ» ላይ ሌዲ ማክቤዝ ሆና ለቶኒ፣ ለአሜሪካ የቲያትር ሽልማት፣ ታጨች።

ብቻ ዓመቶቹ ላይ «እ.ኤ.አ.» ማለት እንዳትረሺ። እኔ አንዴ ረስቼው አንባቢው ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ቆጥሮ ኮሜንት ላይ ሲያፋጥጠኝ ዋለ።