መልስ፦ አማኝ ሆኖ ፖለቲካ ውስጥ መግባት

ወንድሜ፣ «ጌታን ያመነ ሰው ፖለቲካ ውስጥ መግባት አለበት ወይ?» ላልከው፣ እኔ አዎ ባይ ነኝ። ግን ዓይንህን ገልጠህ ግባ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስብ፤ ወንጌል ለነፍስም ለሥጋም ነው ብለው አስተማሩ፣ ለደርግ አላጎበደዱም፣ ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው ምእመናኑን ጥለው መሄድ አልፈለጉም፣ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ዛሬ የእኛ ፈተና ሌላ ነው። ባለሥልጣኑ «የእኛ ልጅ» ሲሆን ዝም እንላለን። ለመሪ ጸልይ፣ ሲያጠፋ ደግሞ አጥፍተሃል በለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ መድረካችሁን ለካድሬ አትስጡ። በቀደም የቤት ኅብረታችን ላይ ለአገር ስንጸልይ፣ አንዲት እናት የታሰረ ልጃቸውን ስም ጠሩ። ቤቱ ጸጥ አለ። «አሜን» ያልነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።