ለአርክቴክቸር ተማሪዎች፦ ከፕላኑ በፊት ቁልቁለቱን እዩ

ደሴ ውስጥ ሜዳ መሬት ማግኘት ከባድ ነው። የሆጤን ሜዳ ትተን ማለቴ ነው። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ስለተቆረቆረች ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስትሄዱ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። ይህን ለደሴ ልጅ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ግን እናንተ አርክቴክቸር የምትማሩ ልጆች፣ በእግራችሁ ስትሄዱ የምታውቁትን ቁልቁለት ላፕቶፕ ፊት ስትቀመጡ ትረሱታላችሁ። የምጽፍላችሁ በዋናነት ስለዚህ ነው።

የእረፍት ጊዜ ሲደርስ ከኮምቦልቻም ከሌላም ግቢ የመጡ ልጆች ፕሮጀክታቸውን ይዘው የአርክቴክት ቢሮዬ ብቅ ይላሉ። ደስ ይለኛል። ቡና ይመጣል፣ ላፕቶፑ ይከፈታል፣ መጀመሪያ የሚታየኝ ሁሌም ሬንደሩ ነው፣ ሕንፃው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው የኮምፒውተር ስዕል። መስታወት የለበሰ ሕንፃ፣ ከፊቱ እንደ ጠረጴዛ የተነጠፈ አረንጓዴ ሣር፣ ሣሩ ላይ ውሻዋን በገመድ ይዛ የምትንሸራሸር ፈረንጅ። "ሳይቱ የት ነው?" እላለሁ። "ቧንቧ ውሃ ሰፈር በላይ፣ ጦሳ ሥር።" እሺ። ቧንቧ ውሃ በላይ እንዲህ ያለ ሣር የት ነው የተገኘው?

እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ከመንገድ ወደ ውስጥ 20 ሜትር የሚገባ ቦታ አላችሁ እንበል። ተዳፋቱ 20 በመቶ ይሁን፣ ይህ ለደሴ ጉድ የሚያሰኝ አይደለም። ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 4 ሜትር ወረደ ማለት ነው። 4 ሜትር ከአንድ ፎቅ ይበልጣል! ስለዚህ "ግራውንድ ፍሎር" ብላችሁ የጻፋችሁበት ፕላን ከላይ በኩል መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ወይም ከታች በኩል አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፕላኑ ይህን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ሴክሽን ነው፣ ሕንፃውንና መሬቱን ከላይ ወደ ታች ቆርጦ የሚያሳየው ስዕል። ብዙ ተማሪ ግን ሴክሽን የሚቆርጠው ማስረከቢያው ሌሊት፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ሶፍትዌሩን "ቁረጥልኝ" ብሎ ነው። ተገላቢጦሽ ነው የምትሠሩት። ደሴ ላይ ሴክሽኑ ይቀድማል፣ ፕላኑ ከእሱ ይወጣል።

4 ሜትሩን ምን ታደርጉታላችሁ? አንዱ መንገድ ቆርጦና ሞልቶ ሜዳ መፍጠር ነው። ይቻላል። ግን ወጪው ሕንፃው ሳይጀመር መሬት ውስጥ ይገባል፣ ትልቅ የድጋፍ ግንብም ይፈልጋል። ሌላው ሕንፃውን ከመሬቱ ጋር ማውረድ ነው። ከላይኛው መንገድ ወደ አንዱ ፎቅ ትገባላችሁ፣ ከታችኛው መንገድ ወደ ሌላው። ከዋናው መንገድ በቁልቁለቱ በኩል ያሉትን የቆዩ ቤቶች እስቲ ዞራችሁ ከጀርባ እዩዋቸው። ከፊት አንድ ፎቅ የመሰላችሁ ቤት ከጀርባው ሁለትና ሦስት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዲዛይን ያደረገው ሰው ስኬችአፕ የሚባል የስዕል ሶፍትዌር አልነበረውም። መሬቱን ግን አይቶታል።

ስለ ድጋፍ ግንብ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት "የሲቪል ኢንጂነሮቹ ሥራ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ሐምሌ ውስጥ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና በየሰፈሩ ያለውን የድንጋይ ግንብ እዩ። አንዳንዱ ከሥሩ በቱቦ ውሃ ያንጠባጥባል። እሱ ደህና ነው፣ ይተነፍሳል። አንዳንዱ ደግሞ ቱቦ የለውም፣ ወይም ቱቦው በጭቃ ተደፍኗል፣ ድንጋዮቹ መሃል ለመሃል እርጥብ መስመር ይታያል፣ ሆዱም ወደ ውጭ ተነፍቷል። ግንቡን የሚገፋው አፈሩ ብቻ አይደለም። ከጀርባው የተጠራቀመው ውሃም ነው። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ካልተሞላ፣ ውሃው መውጫ ካልተሰጠው፣ የቱንም ያህል ወፍራም ግንብ ቢገነባ አንድ ክረምት ላይ ይሄዳል። ሴክሽናችሁ ላይ ያቺን ቱቦና ያንን ጠጠር የምትስሉ ከሆነ ገና ተማሪ ሆናችሁ ከብዙ ባለሙያ ትበልጣላችሁ። የጣራችሁ አሸንዳ ውሃውን የት እንደሚያፈስም አሳዩ። ታች ያለው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ከሆነ ሕንፃው ሳያልቅ ቀበሌ ይጠራችኋል።

ደረጃም እንዲሁ። 4 ሜትር በ17 ሴንቲ ሜትር ሲካፈል ወደ 24 ደረጃ ይመጣል። ያንን ደረጃ ጀሪካን ይዛ የምትወጣው ማን ናት? ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያትስ? ቢያንስ ማረፊያ ስጧቸው።

ኮምቦልቻ ላላችሁት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ነው፣ ግን 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላላችሁ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ በሁለቱ ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ትጠብቃላችሁ። ሐረጎ ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ የሚያወልቀው ለዚህ ነው። ታዲያ አንድን ቤት ለሁለቱም ከተማ ኮፒ ማድረግ ምን የሚሉት ዲዛይን ነው? ደሴ ላይ የሚፈለገው ፀሐይ ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ነን፣ ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የቀትር ፀሐይ ከደቡብ ትመጣለች። ሳሎኑንና መኝታውን ወደዚያ ብታዞሩ ቤቱ ራሱን ያሞቃል። ኮምቦልቻ ላይ ያንኑ መስኮት ጥላ ታለብሱታላችሁ፣ ንፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ትከፍታላችሁ። በሰኔ ፀሐይዋ ትንሽ ወደ ሰሜን እንደምትሻገርም አትርሱ። የፈረንጅ መጽሐፍ "የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኝም" ቢላችሁ የሚያወራው ስለ ራሱ አገር ነው።

አሁን ስለ ኮንሰፕት፣ ስለ ዲዛይኑ መነሻ ሐሳብ። አብሽሩ፣ አልቆጣም። ግን ለምንድን ነው የባህል ማዕከል የተባለ ሁሉ ጀበና የሚመስለው? ጀበና ካልሆነ መሶብ፣ መሶብ ካልሆነ ሙዳይ። ጁሪ ላይ፣ ፈታኞች ፊት ትቆሙና "ኮንሰፕቴ የወሎ ጀበና ነው" ትላላችሁ፣ አንዳንድ ፈታኝም ራሱን ይነቀንቃል። የጀበናው አንገት ሊፍት፣ እጀታው ራምፕ። ጀበና ቡና ለማፍላት ጥሩ ነው። ሰው ሊገባበት አልተሠራም። የወሎ ነገር ከፈለጋችሁ አኗኗሩን እዩ። ቡናው ሦስት ጊዜ ሲፈላ ጎረቤት የት ይቀመጣል? ሰርግም ለቅሶም ሲኖር ድንኳኑ የት ይተከላል? አንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚሰግደውም የሚጾመውም አብሮ ሲኖር ውዱእ የሚደረግበት ውሃ የት ነው? ከዚህ የሚወጣ ፕላን ማንም ከኢንተርኔት ሊያወርደው አይችልም።

አንዲት የሰኞ ገበያ ነጋዴ፣ እትዬ እላቸው ነበር፣ ልጃቸው ከስልክ ላይ ያወረደውን ፕላን ይዘው መጡ። ክፍት ኪችን፣ ሳሎኑ መሃል። ወረቀቱን ገልብጠው ገለባብጠው አዩና "እንዲያው ልጄ፣ ስጋግር ጭሱ በየት በኩል ይወጣል?" አሉኝ። መልስ የሰጠሁት በመሳል ነው። ምጣዱን ወደ ጓሮ አወጣሁት፣ ንፋስ በሚሄድበት በኩል፣ ዝናብ እንዳያገኘው ጣራ ሰጠሁት፣ ከቤት ሳይወጡ በአንድ በር የሚደርሱበት አደረግሁት። ያቺ አንዲት ጥያቄ ከብዙ ጁሪ ትበልጣለች። ደንበኛችሁ ፕላን ማንበብ ላይችል ይችላል። ቤቱን ግን ያውቀዋል፣ ጠይቁት።

ከቻላችሁ ሜትር ይዛችሁ የቆዩ ቤቶችን ለኩ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ፒያሳ አካባቢም ከጣሊያን ዘመን የቀሩ አሉ። የግድግዳ ውፍረት፣ የመስኮት ከፍታ፣ ጣራው ከግድግዳው ስንት እንደወጣ፣ ሁሉንም ለኩና በእጃችሁ ሳሉ። እኛ ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ በተማርንበት ዘመን በራፒዶግራፍ፣ በቀለም በሚሠራ የስዕል ብዕር ነበር የምንስለው፣ የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቅ ነበር። ያ ዘመን ይመለስ አልልም፣ ወገብ ይቆርጣል። ግን በእጁ የለካ ሰው የ20 እና የ50 ሴንቲ ሜትርን ልዩነት በዓይኑ ያውቃል።

ተመርቃችሁ ሥራ ስትጀምሩ የመጀመሪያው ፈተና ቢሮ ውስጥ መቅረት ነው። አለቃችሁ ፈጣን እጃችሁን ሲያይ የሬንደር ማሽን ያደርጋችኋል። አትሸወዱ። በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ሳይት ውጡ። ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ የሚሞላበት ቀን አይለፋችሁ። ፎርማኑ ጋር ሻይ ጠጡ፣ ግንበኛው ቱንቢ ሲጥል ቁሙና እዩ። "ኢንጂነር" ብለው ሲጠሯችሁ ደረታችሁን አትንፉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እየቀለዱ ነው።

ሳይት ላይ አንድ ነገር ደግማችሁ ደጋግማችሁ እዩ፣ ስታፋውን፣ ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያውን የሚያስረውን ቀለበት። ኮለኑ (ቋሚው) ከቢሙ (ከአግዳሚው) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስታፋው ጠጋ ጠጋ ብሎ መታሰር አለበት። ፌሮ ለመቆጠብ ሲባል ክፍተቱ የሚሰፋውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። "ይሄ የስትራክቸር ሰው ጉዳይ ነው" እንዳትሉኝ። እኛ ያለነው የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ በኩል በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፣ ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። እናንተ ደግሞ የምታመጡት የራሳችሁ ጣጣ አለ። ተዳፋት ላይ ስትሠሩ የላይኛው በኩል ኮለን አጭር፣ የታችኛው ረጅም ይሆናል። መሬት ሲናወጥ አጭሩ ግትር ስለሆነ ከድርሻው በላይ ኃይል ይሸከማል፣ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ነው። ምድር ቤቱን በሙሉ ለሱቅ ከፍታችሁ ከላይ ያለውን ፎቅ ሁሉ በብሎኬት ስትዘጉም ታችኛው ፎቅ ልል ይሆናል። ሁለቱም የሚወለዱት አርክቴክቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ከስትራክቸር ሰው ጋር መነጋገር ያለባችሁ ገና በስኬቹ ጊዜ እንጂ ፕላኑ አልቆ ደንበኛው ከወደደው በኋላ አይደለም።

የፈቃድ ጉዳይም አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸው ነበር። ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ሦስተኛው ምድብ፣ ሐ ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን ደሴ ላይ አስቡት። ከየትኛው መሬት? ከላይኛው መንገድ ስትለኩ 9፣ ከታችኛው ስትለኩ 13 የሚመጣ ሕንፃ ሞልቷል። ይህን ጥያቄ ማዘጋጃ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ራሳችሁ ጠይቁ፣ ሴክሽኑ ላይም ሁለቱንም ከፍታ ጻፉ። ያለዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ራሱ ሲያገኘው የደበቃችሁት ይመስላል።

ስለ ፈቃድ ካነሳሁ አይቀር፣ ማኅተም ማከራየት የሚባለውን ነገር ሳትሰሙ አትቀሩም። ሌላ ሰው የሠራው ፕላን ይመጣል፣ ሳታዩት ትፈርማላችሁ፣ ብር ይሰጣችኋል። ቀላል ገንዘብ ይመስላል፣ የቤት ኪራይ ሲደርስ ደግሞ የበለጠ ቀላል ይመስላል። ሳይቱን ረግጣችሁ ያላያችሁትን አትፈርሙ፣ በቃ። ግንቡ አንድ ሐምሌ ላይ ሲሄድ የሚፈለገው ስም የእናንተ ነው፣ ያመጣላችሁ ደላላ ስልኩን ቀይሯል።

የመጨረሻው የብር ጉዳይ ነው፣ ማንም ስለማይነግራችሁ። ስትመረቁ የመጀመሪያው ደንበኛችሁ ዘመድ ነው። "እስቲ አንድ ፕላን ጫር ጫር አድርግልኝ" ይላል አጎታችሁ፣ የእናንተ ሥራ የጫር ጫር ሥራ ነው ብሎ ያስባል። ለእሱም ቢሆን አንድ ገጽ ውል ጻፉ። የትኞቹን ስዕሎች እንደምትሰጡ፣ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክሉ፣ ክፍያው ስንቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ስንቱ ለፈቃድ ሲገባ እንደሆነ። በነፃ መሥራት ከፈለጋችሁም ሥሩለት፣ ግን "በነፃ፣ ማስተካከያ ሁለት ጊዜ" ብላችሁ ጻፉት። ያለዚያ ሳሎኑን እንደገና አስፋልኝ እያለ በእሁድ ጠዋት ሲደውል ስልክ ከመዝጋት ሌላ መውጫ የላችሁም፣ እሱም ለእናታችሁ ይነግርባችኋል።