ስለ ፔፔ ጠይቁኝ

ሊቤሮ፦ ፖርቱጋላዊው ተከላካይ ፔፔ በነሐሴ 2024 በ41 ዓመቱ ጫማውን ሰቅሏል። ማሪቲሞ፣ ፖርቶ፣ ሪያል ማድሪድ፣ ቤሺክታሽ፣ ከዚያ እንደገና ፖርቶ፤ ሁሉንም ተከታትያለሁና ጠይቁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ከቁራጭ ቪዲዮ ተነስታችሁ አትፍረዱ፤ ሙሉ ጨዋታ ተመልከቱ።

ቀይ መስመር፦ ካስኬሮን ለምን ረገጠው?

ሊቤሮ፦ ሚያዝያ 2009፣ ማድሪድ ከካስኬሮ ቡድን ከሄታፌ ጋር 2 ለ 2 እያሉ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት የሚያሰጥ ጥፋት ሠራ። ንዴቱ አሸነፈውና የወደቀውን ሰው ረገጠ። 10 ጨዋታ ተቀጣ፤ የሚገባው ቅጣት ነው።

አዲስ ገቢ፦ ጥሩ ተከላካይ ነበር?

ሊቤሮ፦ ምኑን ማለትህ ነው? ፍጥነቱን? የግንባር ኳሱን? ቦታ አያያዙን? ለይተህ ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ቦታ አያያዙን።

ሊቤሮ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ብዙ መሃል ተከላካይ አጥቂው ኳሱን ተቀብሎ እስኪዞር ይጠብቃል፤ ፔፔ አይጠብቅም። ኳሱ ገና በመንገድ ላይ እያለ ወጥቶ ከአጥቂው ጀርባ ይለጠፋል፤ አጥቂው ፊቱን ወደ ግብ ማዞር ያቅተዋል። ቢያመልጠው እንኳ ሮጦ የሚደርስበት ፍጥነት አለው። የግራ ተከላካዩ ማርሴሎ ወደ ፊት ሲሄድ ማድሪድ ከኋላ የሚተወውን ሰፊ ሜዳ የሚሸፍነው በዚህ ነበር። አሠልጣኙ ሞሪንሆም ይህን አይቶ በ2011 የንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ ከባርሴሎና ጋር አማካይ አድርጎ አሰለፈው። ያን ምሽት የባርሴሎናን ቅብብል ሲያቋርጥ አመሸ፤ ከእረፍት በፊትም በግንባሩ የገጨው ኳስ የግቡን ቋሚ መታ። በጭማሪ ሰዓት ሮናልዶ አስቆጥሮ 1 ለ 0 አሸነፉ።

የካታሎን ወዳጅ፦ በሳምንቱ በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በዳኒ አልቬስ ላይ በሠራው ጥፋት በቀይ ወጣ፤ ሜሲ ሁለት አገባ። ይህንንም ጻፈው እንጂ!

ሊቤሮ፦ ጻፍኸው እኮ። እስከ 61ኛው ደቂቃ ድረስ ግን 0 ለ 0 ነበር። ሙሉ ጨዋታውን ተመልከት።

ፖርቶ ለዘላለም፦ ለእኔ ሪካርዶ ካርቫልዮ ይበልጠዋል። ሳይወድቅ፣ ሳይጋጭ ኳስ ይነጥቃል።

ቀይ መስመር፦ ካርቫልዮ የፔፔ ፍጥነት የለውም።

ፖርቶ ለዘላለም፦ ቀድሞ የሚያነብ ተከላካይ ፍጥነት ምን ያደርግለታል?

ሊቤሮ፦ ሁለቱ በማድሪድም በብሔራዊ ቡድኑም ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ የሚሞላሉ ነበሩ። ክርክሩን ሌላ ቦታ ቀጥሉ።

አዲስ ገቢ፦ ብራዚላዊ ነው ይባላል?

ሊቤሮ፦ ብራዚል ውስጥ ማሴዮ ተወለደ፣ በ18 ዓመቱ የፖርቱጋሏ ደሴት ማዴይራ ገባ፣ በ2007 የፖርቱጋል ዜግነት አገኘ። ለፖርቱጋል 141 ጊዜ ተጫውቷል።

ሰገነት፦ ምርጥ ጨዋታው የትኛው ነው?

ሊቤሮ፦ የ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ያለ ጥርጥር። በጉዳት ከግማሽ ፍጻሜው ውጪ ነበር። በፍጻሜው ሮናልዶ በ25ኛው ደቂቃ እያለቀሰ ሲወጣ፣ በፓሪስ በተመልካቻቸው ፊት ከሚጫወቱት ፈረንሳዮች ጋር የኋላ መስመሩን ያቆመው ፔፔ ነው። በ92ኛው ደቂቃ የፈረንሳዩ አጥቂ ዢኛክ አታልሎት ዞረና የመታው ኳስ ቋሚውን ገጭቶ ተመለሰ፤ ይህንን አልደብቅም። ጭማሪ ሰዓቱን ግን በዚያ ድካም ላይ ሆኖ አንድም ጊዜ ሳይዘናጋ ጨረሰ። ለፖርቱጋል ኤደር በ109ኛው ደቂቃ አገባ። ፊሽካው ሲነፋ ፔፔ ሜዳው ላይ አስመለሰው። የጨዋታው ኮከብ የተባለውም እርሱ ነው።

እንግዳ፦ ለምን ሰው ይረግጥ ነበር?

ሊቤሮ፦ ከላይ ተመልሷል። የ2014ቱን የዓለም ዋንጫ የጀርመኑን ሙለርንም አትጠይቁኝ፤ ለተቀመጠ ሰው ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ገጨው፣ በ37ኛው ደቂቃ ወጣ፣ ፖርቱጋልም 4 ለ 0 ተሸነፈች። የሚከላከልለት ነገር የለም።

ሰገነት፦ ማድሪድ ስንት ከፈለበት?

ሊቤሮ፦ 30 ሚሊዮን ዩሮ፣ በ2007።

ሰገነት፦ እስከ 41 ዓመቱ እንዴት ቆየ?

ሊቤሮ፦ ሸርተቴውን ቀነሰ፣ ቆሞ መከላከልን አበዛ። ወደ ፖርቶ ከተመለሰ በኋላ ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ከ2009ኙ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል። በ2022 የዓለም ዋንጫ በ39 ዓመቱ ስዊዘርላንድ ላይ በግንባሩ አስቆጠረ። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫም የመጨረሻ ጨዋታውን ከፈረንሳይ ጋር 120 ደቂቃ ሙሉ ተጫወተ፤ ፖርቱጋል የወደቀችው በፍጹም ቅጣት ምት ነው፣ በጨዋታ አንድም ግብ አልገባባትም።

የካታሎን ወዳጅ፦ ሜሲን እጁን የረገጠውስ?

ሊቤሮ፦ ጥር 2012። ሙሉ ጨዋታውን ተመልክተኸዋል?