የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፓርኮች፦ ዜናውን ከየት እንስማ? ልጆቹንስ መቼ እናስመዝግብ?

እህቴ፣ በቡድናችን ገጽ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባችሁ ዓመት እንዳልሞላችሁ፣ የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች እንዳሉሽ፣ እናትሽም አብረውሽ እንደሚኖሩ ጽፈሻል። «ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ዋናና ካምፕ ይልካሉ፤ እኔ የምሰማው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ዜናውን ከየት ነው የምትሰሙት? ልደትስ ፓርክ ውስጥ ማክበር ይቻላል?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት እዚሁ ካውንቲ ነው። የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚምታታበትን እናጥራው። እዚህ ካውንቲ መናፈሻና መዝናኛ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር አይደሉም። አንደኛው ሞንትጎመሪ ፓርክስ ይባላል። ይሄ የካውንቲው አስተዳደር መምሪያ ሳይሆን፣ ሞንትጎመሪንና ጎረቤታችንን ፕሪንስ ጆርጅስን በሚያጠቃልለው የፓርክና የፕላን ኮሚሽን ሥር ያለ ነው። ኮሚሽኑን እ.ኤ.አ. በ1927 ያቋቋመው የሜሪላንድ ምክር ቤት ነው። ከ400 በላይ ፓርኮች፣ ሐይቆቹ፣ የእግር መንገዶቹ፣ የአትክልት ስፍራዎቹ፣ የበረዶ መንሸራተቻዎቹ ሁሉ በእሱ እጅ ናቸው። ሁለተኛው ሞንትጎመሪ ሪክሬሽን ነው። እሱ የካውንቲው መምሪያ ነው። የመዋኛ ገንዳዎች፣ የሰፈር ሪክሬሽን ሴንተሮች፣ የአረጋውያን ማዕከላትና አብዛኛው የሰመር ካምፕ የእሱ ነው። ስለዚህ ዋና ፈልገሽ ፓርክስ ጋ ከደወልሽ ወይም ፒክኒክ ቦታ ፈልገሽ ሪክሬሽን ጋ ከሄድሽ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትመላለሺ ቀኑ ይመሻል።

ደግነቱ የምዝገባው በር አንድ ነው። አክቲቭ ሞንትጎመሪ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ሁለቱም እዚያ ላይ ነው የሚመዘግቡት። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ግቢና አካውንት ክፈቺ። የቤተሰቡን አባላት ሁሉ አስገቢ፤ እናትሽንም ጭምር። ይህን አስቀድሞ መጨረስ ትልቅ ጥቅም አለው። ምዝገባ በተከፈተ ጠዋት የልጅ ስምና የልደት ቀን ስትሞዪ ቦታው ያልቅብሻል። አካውንቱ ያለው ሰው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ነክቶ ይጨርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሮክቪል፣ ጌይተርስበርግና ታኮማ ፓርክ የራሳቸው ማዘጋጃ ቤትና የራሳቸው የመዝናኛ ክፍል አላቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ከተማ ብንለውም የራሱ ማዘጋጃ ቤት የለውም፤ በቀጥታ በካውንቲው ሥር ነው። ጓደኛሽ ከሮክቪል «እኛ ጋ እንዲህ አለ» ብትልሽ ያንቺን ላይመለከት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። «ለምን ካለቀ በኋላ እሰማለሁ?» ላልሽው ምክንያቱ የጊዜ አቆጣጠሩ ነው። እኛ ያደግነው ነገሩ ሲደርስ በመሄድ ነው። እዚህ አገር ግን የሰመር ካምፕ የሚያዘው ውጭ ብርድ ሳለ፣ ኮት ሳይወልቅ ነው። ከገና በዓል በኋላ ጥርና የካቲት ውስጥ ዓይንሽን ከድረ ገጹ ላይ አትንቀዪ። የዋና ትምህርትም እንደዚያው ነው። በየወቅቱ አዲስ ዙር ይከፈታል፤ የጀማሪ ልጆች ክፍል ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የሚሰጠው ከሁሉ ቀድሞ ይሞላል። ከሥራ መልስ ልጆቹን ማምጣት ከቻልሽ የሳምንቱ መካከል ቀናት የተሻለ ዕድል አላቸው። ሞልቶ ብታገኚው እንኳ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ስምሽን ከማስገባት አትቦዝኚ። ሰው ይሰርዛል፤ ቦታ ይለቀቃል፤ ኢሜይል ይመጣል። ኢሜይሉን ግን ቶሎ መመለስ አለብሽ።

ዜናውን ለመስማት ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች በኢሜይል የሚልኩት ነጻ መልእክት አለ፤ ለየብቻ ተመዝገቢ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ወይም እናትሽ ራሳቸው መጠየቅ ከፈለጉ 311 ደውሉ። የካውንቲው የመረጃ ስልክ ነው፤ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ያገናኙሻል። ማፈር አያስፈልግም። አማርኛ እዚህ ካውንቲ መረጃ ከሚተረጎምባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ጎንደርም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የካውንቲው እህት ከተማ ናት።

ገንዘቡን በተመለከተ በጣም የምቆረቆርበት ነገር አለ። ብዙዎቻችን «ይሄ የሀብታም ልጆች ነገር ነው» እያልን ልጆቻችንን ቤት ውስጥ ከስልክ ጋር እናስቀምጣለን። ፓርኮቹ የሚተዳደሩት በአብዛኛው ከንብረት ግብር ነው። ቤት ተከራይተሽ ብትኖሪም አከራይሽ ያንን ግብር ከኪራይሽ ነው የሚከፍለው። ድርሻሽን እየከፈልሽ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሪክሬሽን ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የገንዘብ ድጋፍ አለው። ፉድ ስታምፕ ወይም ሌላ የመንግሥት እርዳታ የሚያገኝ ቤተሰብ ያለ ሐፍረት ያመልክት። ለካውንቲው ነዋሪ የሪክሬሽን ሴንተሮቹ ጂምና የኳስ አዳራሽ መግቢያ ካርድም በነጻ ይሰጣል። ባለቤትሽ የግል ጂም የሚከፍል ከሆነ ይህን አሳዪው።

ለልጆቹ ምን አለ? ከቤታችሁ ቅርብ ያለው ዊተን ሪጅናል ፓርክ ብቻውን አንድ ሰመር ይበቃል። ትልቅ መጫወቻ ሜዳ፣ ትንሿ ባቡር፣ ሐይቅ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ የተፈጥሮ ማዕከል አለው። የ5 ዓመቱ ልጅሽ ባቡሯን አንዴ ከተሳፈረ ሌላ ቦታ አልሄድም ይልሻል። ለ9 ዓመቷ ግን የተፈጥሮ ማዕከሎቹን እመክራለሁ። በካውንቲው አራት አሉ፦ ብሩክሳይድ፣ ሜዶውሳይድ፣ ብላክ ሂልና ሎከስት ግሮቭ። መግቢያ ነጻ ነው። እባብ፣ ኤሊ፣ እንቁራሪት በቅርብ ያያሉ። ሜዶውሳይድ ደግሞ ጉጉትና ጭልፊት አለ። ሕጻናቱን ይዘው ጫካ የሚያስጎበኙት ባለሙያዎች ትዕግሥታቸው ያስገርማል። የኔ ልጅ ስለ ወፍ የሚያውቀውን ሁሉ የተማረው ከእነሱ ነው።

ዋና ለማስተማር አሁን አንቺ ዕድለኛ ነሽ። በመሀል ሲልቨር ስፕሪንግ አዲሱ የሪክሬሽንና የመዋኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ተከፍቷል። ኋይት ኦክ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ መዋኛም ሩቅ አይደለም። እባክሽ የዋናውን ትምህርት ከሌላው ሁሉ አስቀድሚ። እዚህ አገር ልጅ የጓደኛ ልደት እንኳ ሲጠራ ገንዳ ዳር ነው፤ ዋና የማይችል ልጅ የሚያሰጋው እዚያ ነው። በፓርኮቹ ሐይቆች መዋኘት ክልክል መሆኑንም ልጆቹ ይወቁ። ሌክ ኒድዉድ ላይ ግን በሙቀት ወራት ጀልባ ተከራይቶ መቅዘፍ ይቻላል፤ የሕይወት ጃኬት ሳይለብሱ ግን አይገባም።

ታሪክ ለሚወድ ልጅ ኖርዝ ቤተዝዳ ያለውን የጆሳያ ሄንሰን ሙዚየም እንዳትረሺ። ሄንሰን በዚያ ቦታ በባርነት የኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1830 ከባርነት አምልጦ ካናዳ የገባ ሰው ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2021 ተከፈተ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚማሩት የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ እዚሁ ሰፈራቸው ውስጥ የሆነ መሆኑን ሲያዩ የተለየ ስሜት ይሰጣቸዋል።

ስለ እናትሽ የጻፍሽው ነገር ልቤን ነካው። «ቀኑን ሙሉ መስኮት ዳር ነው የሚውሉት» ብለሻል። ብዙ እናቶቻችን እንዲህ ናቸው። ብሩክሳይድ ጋርደንስ ውሰጃቸው። ዊተን ፓርክ ውስጥ ያለ 50 ኤከር የአትክልት ስፍራ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ መቀመጫው ብዙ ነው። ሲበርድ ደግሞ የመስታወቱ ቤት ውስጥ ሞቅ ብሎ የሙዝ ተክል ያያሉ። የቢራቢሮው ዝግጅትና የታኅሣሡ የመብራት ትርኢት ግን ትኬት አላቸው፤ የመብራቱን ቀደም ብለሽ ግዢ።

ከዚያም በላይ እጃቸው አፈር የለመደ ከሆነ የኮሚዩኒቲ ጋርደን ቦታ ጠይቂላቸው። ሞንትጎመሪ ፓርክስ በየሰፈሩ መሬት ከፋፍሎ በዓመታዊ ክፍያ ለነዋሪ ይሰጣል። ወረፋ አለው፤ አንዳንዱ ቦታ ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ አመልክቺ። እዚያ የእኛን ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም የሚያለሙ እናቶች አሉ። እኔ የማውቃቸው አንዲት እናት ከጎረቤት መሬት ካላቸው የኤል ሳልቫዶር ሴት ጋር ቋንቋ ሳይግባቡ ዘር ይለዋወጣሉ። ሐኪም ካዘዘላቸው መድኃኒት ያላነሰ የረዳቸው እሱ ነው ባይ ነኝ። ከ55 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሽዋይንሀውት፣ ዊተን ውስጥ ሆሊዴይ ፓርክ የሚባሉ የአረጋውያን ማዕከሎች አሉ። አንድ ቀን አብረሻቸው ሂጂና ይዩት።

ለአንቺና ለባለቤትሽ፦ ቅዳሜና እሁድ ስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ በከፊል ለመኪና ይዘጋል። አስፋልቱ ላይ ልጅ ብስክሌት ይማራል፣ ሽማግሌ ይራመዳል፣ የኛ ሯጮች ይሮጣሉ። በነጻ የሚገኝ ትልቅ ነገር ነው። ካፒታል ክሬሰንት ትሬልን በተመለከተ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቤተዝዳ ያለው ክፍል ለፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የተዘጋው፤ ከመውጣትሽ በፊት ያለበትን ሁኔታ አረጋግጪ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው መዥገር ነው። እዚህ ያለችው ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ የአጋዘን መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች። ከጫካ ስትመለሱ የልጆቹን ብብት፣ የጉልበት መታጠፊያ፣ ከጆሮ ጀርባና የራስ ቅል እይ እይ አድርጊ። ሁለተኛው፣ ከመከር እስከ ብርድ ወራት አንዳንድ ፓርኮች አጋዘን ለመቀነስ በሚደረግ አደን ምክንያት ይዘጋሉ። መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ በኢሜይሉም ይነገራል። አለፍ ብሎ መግባት አይገባም።

አሁን ልደቱ። አዎ፣ ይቻላል፤ ከአዳራሽ ኪራይ ጋር የሚወዳደር ዋጋም የለውም። ጣሪያ ያለው የፒክኒክ ሼልተር በአክቲቭ ሞንትጎመሪ ይያዛል። የግንቦትና የሰኔ ቅዳሜዎች ቀድመው ስለሚያልቁ ወራት አስቀድመሽ ያዢ። ፈቃድ ወረቀቱን አትመሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ሌላ ሰው ተቀምጦ ብታገኚ ያለ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው እሱ ነው። የእኛ ሰው የሚረሳቸው ደንቦች አሉ። ቢራም ሆነ ጠጅ ያለ ልዩ ፈቃድ ክልክል ነው። ትልቅ የድምጽ ማጉያም ፈቃድ ይፈልጋል። መሬት ላይ እሳት ማንደድ አይቻልም፤ የግሪሉን ከሰልም ለፍም የተዘጋጀው ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨምሪ እንጂ ዛፍ ሥር አትድፊ። ፓርኩ ጸሐይ ስትጠልቅ ስለሚዘጋ ጥሪው ላይ «ከቀኑ 8 ሰዓት (2 PM)» ብለሽ ጻፊ፤ የሐበሻ ሰዓት ተጨምሮበት እንኳ ኬኩ በብርሃን ይቆረሳል።

ሮክ ክሪክ ላይ ብታስቢ ደግሞ ዲሲ ውስጥ ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የኛው ሮክ ክሪክ ሪጅናል ፓርክ ግን የሞንትጎመሪ ፓርክስ። ቦታ ስትይዢ የትኛው እንደሆነ እይ፣ ለእንግዶችሽም ትክክለኛውን አድራሻ ላኪ።

አንድ ልመና አለኝ፤ ለቡድኑ ሁሉ። ፓርኮቹ ውስጥ ምን ይሠራ የሚለውን የሚወስነው የኮሚሽኑ ፕላኒንግ ቦርድ ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰባል፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። የፓርክና የመዝናኛ ዕቅዱ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል፤ የመጨረሻው የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የሚቀጥለው ሲዘጋጅ የኛ ሰዎች አስተያየት ይጻፉ፣ ይናገሩ። የኳስ ሜዳ የሚያገኙት የጠየቁት ሰፈሮች ናቸው።

እህቴ፣ የልደቱን ቀንና የሚመጣውን ሰው ብዛት እዚህ ጻፊልኝ። ለስንት ሰው የትኛው ሼልተር እንደሚበቃ፣ የትኛው ለእናትሽ መጸዳጃ ቤት ቅርብ እንደሆነ እነግርሻለሁ።