ለሁለት እናቶች ሁለት ውሸት

አንዲት አንባቢ ከህንድ አገር ጽፋልኛለች። ደብዳቤዋን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 27 ዓመቴ ነው። ቪሻካፓትናም በምትባል ከተማ፣ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን፣ አጥባቂ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ፍቅረኛዬ ሙስሊም ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ። እዚሁ ተዋወቅን፣ ሁለት ዓመት አለፈን። ቤተሰቦቻችን አያውቁም። በቀደም ማታ ከክፍላችን ልጆች ጋር ‹አንቴ ሱንዳራኒኪ› የሚባል በቴሉጉ (እዚህ በሚነገረው ቋንቋ) የተሠራ ፊልም አየን። አንድ የሂንዱ ልጅና አንዲት ክርስቲያን ይዋደዳሉ። ቤተሰብ እንደማይፈቅድ ስለሚያውቁ ውሸት ፈጥረው ይነግሯቸዋል። ከዚያ እኛም አሰብን። እኔ ለእናቴ ‹ሊጠመቅ ወስኗል› እላታለሁ። እሱ ለእናቱ ‹ልትሰልም ነው› ይላታል። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብለን እውነቱን እንነግራቸዋለን። ሐምሌ ላይ ወደ አገር ቤት እንገባለን። እናቴ የደም ግፊት አለባት። አንድ ነገር ብትሆንብኝስ ብዬ እፈራለሁ። እባክዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጉዳይ በሆድሽ ይዘሽ መኖር ቀላል አይደለም። ከእናትሽ ጋር በስልክ ባወራሽ ቁጥር አንድ ነገር ደብቀሽ ነው የምትዘጊው። ይህ ራሱ ያደክማል። ስለዚህ መጀመሪያ «አይዞሽ» ልበልሽ። ቀጥሎ ግን በግልጽ እነግርሻለሁ፤ ያሰባችሁትን አታድርጉት።

ፊልሙን እኔም አይቼዋለሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ቪቬክ አትሬያ ያዘጋጀው ነው። ናኒ ሱንዳር የተባለውን የብራህሚን (የሂንዱ የካህናት ወገን) ልጅ፣ ናዝሪያ ናዚም ሊላ ቶማስ የተባለችውን ክርስቲያን ሆነው ይሠራሉ። እሷ ለወላጆቿ «አርግዣለሁ» ትላለች። እሱ ለወላጆቹ «ልጅ መውለድ አልችልም» ይላል። አየሽ፣ እያንዳንዱ ውሸት በየቤተሰቡ ፍርሃት ልክ የተሰፋ ነው። የሷ ቤተሰብ ከሌላ ሃይማኖት ሰው ይልቅ ያለ ጋብቻ እርግዝናን ይፈራል። የሱ ቤተሰብ ደግሞ «ታዲያ ከዚች ልጅ ሌላ ማን ያገባዋል?» ብሎ እንዲሸነፍ ነው የታሰበው። ልጆቹ ወላጆቻቸው ምን እንደሚያስፈራቸው አሳምረው ያውቃሉ። በዚያ እውቀት ግን ወላጆቻቸውን አላጽናኑበትም። መውጫ አሳጧቸው። ፊልሙን ሳይ ብዙ ሰው ሲስቅ እኔ ያዘንኩት እዚያ ላይ ነው።

የእናንተ ውሸት ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። የእነሱ ስለ ሰውነት ነው፤ የእናንተ ስለ እምነት። እስቲ ነገሩን እስከ መጨረሻው ተከተይው። እናትሽ «ሊጠመቅ ነው» ስትያት ዝም ብላ አትቀመጥም። ጧት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እያለቀሰች ታመሰግናለች። ለንስሐ አባቷ ትናገራለች። የክርስትና እናትሽን ትጠራለች። ኮምቦልቻ ላይ ሌላዋ እናት እንዲሁ እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች፣ ለጎረቤት ታበስራለች። ሁለቱም እናቶች በሕይወታቸው ትልቁ ጸሎታቸው የተሰማ ይመስላቸዋል። እናንተ ደግሞ ከሠርጉ በኋላ መጥታችሁ ያንን ደስታ ከእጃቸው ትነጥቃላችሁ። ልጅ የሌላ ሃይማኖት ሰው ሲወድ ማየት አንድ ሐዘን ነው። በጸሎቷ የተላገደባት እናት ሐዘን ግን ሌላ ነው፤ እሱን ማስረሳት ከባድ ነው።

ሽማግሌዎቹስ? ልጁ ሽማግሌ መላኩ አይቀርም። እነዚያ ሰዎች ደብረ ብርሃን ድረስ የሚመጡት ክብራቸውን አስይዘው ነው። አባትሽ ፊት ተነስተው የሚናገሩት ቃል ውሸት ሆኖ ቢገኝ፣ ነገ ተጣልታችሁ ማን መጥቶ ያስታርቃችኋል? ደግሞ ሁለቱ ቤተሰቦች በሠርጉ ቀን ይገናኛሉ። አንዷ እናት ለሌላዋ «መቼ ነው የሚጠመቀው?» ብላ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ ይበቃታል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አስቢበት። እናትሽ «እሺ» ብትል እንኳ እሺ ያለችው ለሌለ ሰው ነው። ሊጠመቅ የወሰነ ያ ልጅ የለም። አንቺ የምትወጂውን ልጅ ገና አላየችውም። በውሸት የተገኘ ፈቃድ የቁጣውን ቀን ያስተላልፈዋል እንጂ አያስቀረውም። ቁጣው የሚመጣው ደግሞ ምናልባት ነፍሰ ጡር ሆነሽ፣ እናትሽን አጥብቀሽ በምትፈልጊበት ሰዓት ይሆናል።

ሌላም የምነግርሽ አለ። በ1972 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ድሪስኮል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ወላጅ ጣልቃ የገባባቸው ጥንዶች ፍቅራቸው እንደሚበረታ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ነገሩ «የሮሚዮና ጁልየት ውጤት» ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ገባ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኮሊን ሲንክሌርና ባልደረቦቿ ጥናቱን ደግመው ሲሠሩት ግን ያ ውጤት አልተገኘም። እንዲያውም ቤተሰብና ጓደኛ የደገፋቸው ጥንዶች ፍቅራቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያነሳሁት «ዓለም ሁሉ ቢቃወመንም ፍቅራችን ያኖረናል» የሚለው ሐሳብ ከፊልም ውጪ ብዙ እንደማያስኬድ እንድታውቂ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. «ሲታኮካ ቺሉካ» የተባለ ሌላ የቴሉጉ ፊልም ነበር፤ የባራቲራጃ ሥራ ነው። በመጨረሻው ልጁ የብራህሚንነቱን ክር፣ ልጅቷ መስቀሏን ጥለው አብረው ይሄዳሉ። ልብ ይነካል። ትዳሩ ግን የሚጀምረው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው።

እርግጥ ህንድ ውስጥ ጥንዶች የሚደብቁበት ምክንያት ይገባኛል። ሃይማኖታቸውን ሳይቀይሩ የሚጋቡበት የ1954ቱ (እ.ኤ.አ.) ልዩ የጋብቻ ሕግ የ30 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል። ማስታወቂያው በጽሕፈት ቤቱ ይለጠፋል፣ ተቃውሞም ሊቀርብበት ይችላል። ለብዙዎች ያ ወር የጭንቅ ወር ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 የሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ መጋባት እንደሚቻል ይናገራል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለመጋባት ማንም ሃይማኖቱን እንዲቀይር አይጠየቅም። ስለዚህ የእናንተ ጉዳይ ያለው ቤት ውስጥ ነው።

እዚያም ቢሆን ሁለቱ ቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ሴት ማግባት እንደሚችል ያስተምራሉ። ምናልባት የእሱ እናት እንድትሰልሚ ትመኝ ይሆናል እንጂ ካልሰለምሽ በሩን ላትዘጋ ትችላለች። እሱ ሊዋሽ ያሰበው ጨርሶ ባላስፈለገበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ጠይቆ ያውቃል? በአንቺ በኩል ግን ተክሊል ሁለታችሁም የቤተ ክርስቲያን ልጆች እንድትሆኑ ይጠይቃል። ያንን ቀን ታጪዋለሽ። እናትሽም ታጣዋለች። ይህ እውነተኛ ሐዘን ነው፤ አንቺም አልቅሽበት። ከእሷ ጋር ማልቀስ የምትችይው ካልዋሸሻት ብቻ ነው።

የወሎ ልጅ መሆኑ ደግሞ ይጠቅማችኋል። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን የሆኑ ዘመዳሞች በአንድ ድግስ ሁለት ሥጋ፣ ሁለት ድስት አዘጋጅተው ሲጋበዙ ኖረዋል። ሁልጊዜ ያለ ሕመም አልነበረም፤ አንዱ ወገን እምነቱን እንዲቀይር የተጠበቀበት ጊዜም ብዙ ነው። ቢሆንም በእሱ ዘመዶች መካከል ይህን መንገድ የሄደች አክስት ወይም አያት ካለች ቀድማችሁ እሷን አናግሩ። ከእኔ የምትሻል አማካሪ ናት።

አነጋገሩን በተመለከተ፣ አንቺ ለእናትሽ፣ እሱ ለእናቱ። ለየብቻ። በኢሞ ወይም በዋትሳፕ አይሆንም፤ አገር ቤት ገብታችሁ፣ ፊት ለፊት። እህትሽን ወይም ወንድምሽን መልእክተኛ አታድርጊ፤ ቁጣው እነሱ ላይ ያርፋል፣ ወሬውም ተዛብቶ ይደርሳል። ስለ ደም ግፊቷ ያለሽ ስጋት ቦታው ነው። ስለዚህ መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች መሆኑን አረጋግጪ። ሐኪሟንም ማማከር ትችያለሽ። በመሸ ሰዓት አትንገሪያት። ቀን፣ የምታምናት እህቷ ወይም ጎረቤቷ በቅርብ ባለችበት ይሁን። ግን ሁሉንም ፍርሃት በእናትሽ ደም ግፊት አታሳብቢ። የተወሰነው የአንቺው ነው፤ ስታዝንብሽ ማየት ትፈሪያለሽ።

ንግግርሽ አጭር ይሁን። «እማ፣ የምወደው ልጅ አለ። ሙስሊም ነው። እኔ ሃይማኖቴን አልቀይርም፣ እሱም አይቀይርም። እንዳልዋሽ አድርገሽ ስላሳደግሽኝ ነው የምነግርሽ።» በዚህ ይብቃ። «ጡት ነካሽ» ልትልሽ ትችላለች። «ሰው ምን ይለኛል» ልትል ትችላለች። ያኔ ጥቅስ አትጥቀሺ፣ የሕግ አንቀጽም አትቁጠሪ። በይሉኝታ ውስጥ የኖረች ሴት ናት፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምትቆመው እሷ ናት። ዝም ብለሽ ስሚያት። ሳምንታት ላታናግርሽ ትችላለች። ቡና ስታፈላ ግን እንደ ድሮው አጠገቧ ተቀመጪ። አትሽሺ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ እሱን እዚያው ቪሻካፓትናም ጨርሱት። ስትጋቡ ቤት ውስጥ የሚበስለው ሥጋ የማን ነው? በሁዳዴ አንቺ ስትጾሚ፣ በረመዳን እሱ ሲጾም ማዕዱ እንዴት ይሆናል? ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የልጆቹ ነው። ወንድ ቢወለድ በአርባ፣ ሴት ብትወለድ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ ወይስ አይነሱም? ስማቸውስ? «ሲያድጉ ራሳቸው ይመርጣሉ» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ አያቶቹ ያን ያህል አይጠብቁም። በተለያየ ቀን፣ ረጋ ብላችሁ ሦስት አራት ጊዜ ተነጋገሩበት፤ የተስማማችሁበትን ጻፉት። በዚህ ጥያቄ ላይ እሱ ዝም ካለ፣ ወይም አንቺ የልብሽን ደብቀሽ «እሺ» ካልሽ፣ ሐምሌ ላይ ለማንም ምንም አትናገሩ። ለእናቶቻችሁ የምትነግሩት ነገር ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው።