ራውተሩ ዝባዝንኬ ይጽፍብኛል

ጥያቄ፦ ፒያሳ ያገለገለ ሲስኮ ራውተር ገዛሁ። በኮንሶል ኬብል ከላፕቶፔ ጋር ሳገናኘው የማይነበብ ምልክት ብቻ ይደረድራል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ፍጥነት ነው። በዚህ መስመር የጋራ ሰዓት የለም፤ ላፕቶፑም ራውተሩም ቢቱን (የሚላከውን 0 እና 1) የሚቆጥሩት በየራሳቸው ነው። አንዱ በሰከንድ 9600 ቢት፣ ሌላው 115200 ከሆነ አይግባቡም።

ፑቲ (ላፕቶፑ ላይ ከራውተሩ ጋር የምትጻጻፍበት ፕሮግራም) ላይ በ9600 ጀምር፤ 8 ዳታ ቢት፣ 1 ስቶፕ ቢት፣ ፓሪቲና ፍሎው ኮንትሮል ኖን። ካልሆነ 115200 ሞክርና ኢንተር ምታ። ሲነበብልህ ወደ ኮንሶሉ ማስተካከያ፣ «ላይን ኮንሶል 0»፣ ገብተህ «ስፒድ 9600» በል። ያኔ ስክሪኑ እንደገና ይዘበራረቃል። እንዳትደነግጥ፣ ፑቲውንም ወደ 9600 መልሰው።

ሴቭ ማድረግ ደግሞ አደራ! እኔ አራት ኪሎ አንድ ቢሮ ውስጥ ረስቼው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ወደ ድሮው ተመልሶ ጠበቀኝ።