ነፍስ ካረፈች የሥጋ መነሣት ለምን አስፈለገ?

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም መካከል ታናሽ ወንድሜን ቀበርን። በለቅሶው ላይ አንድ ዘመዳችን «ነፍሱ ከአምላኩ ዘንድ ናት፤ ሥጋው እንደሆነ አፈር ነው፤ ይህን ያህል ማልቀስሽ እምነት ማጣት ነው» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ብለው እንደሆነ ባውቅም ንግግራቸው ከልቤ አልወጣልኝም። በእርግጥ ነፍስ ካረፈች የሥጋ መነሣት ምን ይጨምራል? የወንድሜ ልጅ ደግሞ «አባዬ ሲነሣ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ይሆናል?» ብሎ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ።

(አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዘመድዎ ከተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ጌታ አብሮት ለተሰቀለው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ብሎታልና፣ በሃይማኖት ያረፉ ሰዎች ነፍስ በአምላኳ እጅ መሆኗን ቤተ ክርስቲያን ትመሰክራለች። ስሕተቱ የሚጀምረው ይህን ዕረፍት የተስፋችን መጨረሻ አድርጎ ከመውሰድና ሥጋን ከተስፋው ውጭ ከማድረግ ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። ነፍስ አትሞትም የሚለውን ትምህርት የፕላቶ ተከታዮች ከክርስትና በፊት ሲያስተምሩት ኖረዋል። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ሲሰብክ ከአድማጮቹ አንዳንዶቹ ያፌዙበት ግን የሙታንን መነሣት ሲሰሙ ነው። በቆሮንቶስ ደግሞ ከምእመናኑ መካከል እንኳ «ትንሣኤ ሙታን የለም» የሚሉ ተገኙ። ሐዋርያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ55 ዓ.ም. አካባቢ ከኤፌሶን በጻፈላቸው የመጀመሪያ መልእክት፣ በ15ኛው ምዕራፍ፣ ነገሩን ለማለዘብ አልሞከረም፤ ሙታን የማይነሡ ከሆነ ክርስቶስም አልተነሣም፣ ክርስቶስ ካልተነሣ ደግሞ እምነታችሁ ከንቱ ነው፣ በክርስቶስ ያንቀላፉትም ጠፍተዋል አላቸው። ይህን የመጨረሻውን አባባል ልብ ይበሉልኝ። የነፍስ ዕረፍት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ፣ ሐዋርያው ስለ ሞቱት ምእመናን «ጠፍተዋል» የሚል ከባድ ቃል ባልተጠቀመ ነበር። ለእርሱ የክርስቶስ ትንሣኤና የእኛ ትንሣኤ ተነጣጥለው ሊታመኑ የሚችሉ ሁለት ነገሮች አይደሉም።

በፋሲካ «አሰሮ ለሰይጣን» (ሰይጣንን አሰረው) ሲባል «አግዐዞ ለአዳም» (አዳምን ነጻ አወጣው) ብለን የምንመልሰውም ስለዚህ ነው፤ አዋጁ የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ከመቃብር መውጣት ብቻ ቢሆን የአዳም ስም በመካከሉ ባልገባ ነበር። ሠዓሊዎቻችንም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ትንሣኤውን ሲሥሉ፣ ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን በእጃቸው ይዞ ከሲኦል ሲያወጣቸው ያሳያሉ። ብዙ ስብከት ያላስረዳውን ይህ ሥዕል ያስረዳል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር (የቤተ ክርስቲያን መሠረታዊ ትምህርቶች) አንዱ የሆነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ381 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ጉባኤ ባጸናው ጸሎተ ሃይማኖት መደምደሚያ ላይም «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» የምንለው፣ ያለ እርሱ የክርስቶስ ማዳን በመንገድ ስለሚቀር ነው።

ወደ ልቅሶዎ ልመለስ። ሞት ነፍስን ከእስር የሚፈታ ወዳጅ ቢሆን ኖሮ፣ ማልቀስ በእርግጥ አለማመን በሆነ ነበር። ጳውሎስ ግን በዚያው ምዕራፍ ሞትን የሚሻር የኋለኛው ጠላት ይለዋል፤ ጠላት የወሰደብንን ሰው ደግሞ እናለቅስለታለን። ጌታም አልዓዛርን ጥቂት ቆይቶ እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል። የተሰሎንቄ ክርስቲያኖች ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ተመከሩ እንጂ ጨርሶ እንዳያዝኑ አልታዘዙም። ወንድምዎ የተሸኙበትን ሥርዓትም ያስታውሱ፤ ሥጋቸው አፈር ብቻ ቢሆን ኖሮ ታጥቦና ተገንዞ፣ ዕጣን ታጥኖለት፣ ጸሎተ ፍትሐት ደርሶለት ባልተቀበረ ነበር። ካህናቱ በዚያ ቀን ያደረጉት ሁሉ የሚነሣ ሥጋ ለሚጠብቅ ሕዝብ የሚደረግ ነው።

ለልጁ «ራሱ አባትህ ነው» ብለው ይመልሱለት። ከመቃብር የተነሣው ጌታ ለቶማስ የችንካሩን ምልክት አሳይቶታል፣ በደቀ መዛሙርቱም ፊት የተጠበሰ ዓሣ በልቷል፤ የተሰቀለውና የተነሣው አንድ መሆኑን በዚህ አረጋገጠላቸው። ያም ሆኖ ደጁ ተዘግቶ ሳለ በመካከላቸው ቆመ፣ መግደላዊት ማርያምም በመጀመሪያ አላወቀችውም። አልዓዛር ተነሥቶ የተመለሰው ወደ ቀድሞው ሟች ሕይወት ነበር፤ ክርስቶስ ግን ወደ ፊት አይሞትም፤ የእኛም ትንሣኤ እርሱን ይመስላል። «በምን ዓይነት ሥጋ ይነሣሉ?» ለሚል ሰው ጳውሎስ «አንተ ሞኝ» ብሎ ይጀምርና (ይህን እንኳ ለልጁ አይድገሙለት) የተዘራችውን የስንዴ ቅንጣት ያመጣል፤ የሚበቅለው ከዚያችው ቅንጣት ነው፣ መልኩ ግን ሌላ ነው። ልጁ አባቱ ስንት ዓመት ሆኖት እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚለብስ መጠየቁን ቢቀጥል፣ መጽሐፍ ያልነገረንን ፈጥረው አይንገሩት፤ የዮሐንስን ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡና ማርያም ጌታን ያወቀችው በስሟ ሲጠራት እንደሆነ ያሳዩት።